የስመኘው ኪሎ

የኔታ ወልደ ዮሐንስ ከልጃቸው ከያምሮት ጋር ከቡሬ ገበያ ሲመለሱ ድንገት ዝናብ ያዛቸውና መንገድ ዳር ካለ ወፍጮ ቤት ተጠለሉ። የልጅ ልጃቸውን ስመኘውን ያቀፉት እሳቸው ነበሩ። የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ አቻምየለሽም የሕፃናት መመዘኛዋን በትከሻዋ እንዳነገተች እዚያው ተጠልላለች።

“እንደምን ዋሉ የኔታ?” ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ሕፃኑንም አየት አድርጋ፣ “ዕድሜው ስንት ሆነ?” አለች።

“ስምንት ወር ከአራት ቀን” አሉ የኔታ።

“ፈቃድዎ ቢሆን ልመዝነው።”

የኔታ ሕፃኑን በጋቢያቸው ሸፈኑት። “ልጅ እንደ በርበሬ በኪሎ ይመዘናል? ዓይን ይበላዋል። ሁለቱን ቀብሬአለሁ፤ ይኸኛውን ተይልኝ ልጄ።”

ያምሮት አንገቷን ደፋች። የፊተኞቹ ሁለት ልጆቿ ይህ ነው የሚባል ሕመም ሳይታይባቸው ቀስ በቀስ መንምነው ነበር የሞቱት።

አቻምየለሽ፣ “ልድፈርዎትና፣ የዐቢይ ጾምን መግቢያ ለደብሩ የሚነግሩት እርስዎ ነዎት። ጨረቃዋን በዓይን ገምተው ነው?” አለች።

“ኧረ ምን በወጣኝ! የጨረቃዋን ቁጥር፣ አበቅቴውን ቆጥሬ እንጂ። ዓይንማ ይሳሳታል።”

“ታዲያ በልጁ ላይ ስለምን ያምኑታል? ዕለት ዕለት ለሚያቅፈው ሰው እኮ ልጁ ቢቀንስም አይታወቀውም።”

አርባ ዓመት ሙሉ ሕዝቡ የየኔታን ቁጥር አምኖ ጾሟል፤ እሳቸው ግን የሌላውን ቁጥር መፍራታቸው ከነከናቸው።

“አባዬ፣ ይመዘን” አለች ያምሮት።

ተመዘነ። አምስት ኪሎ ተኩል።

“ከሰባት መውረድ አልነበረበትም” አለች አቻምየለሽ በቀስታ። “ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ።”

“ሁለቱንስ... ያኔ ብንመዝናቸው ኖሮ?”

“እሱን አላውቅም የኔታ። ለስመኘው ግን አልረፈደም።”

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው እንባቸውን ጠረጉ።

ስመኘው ሁለት ወር ሙሉ ጤና ጣቢያው ያዘዘለትን ምግብ እየበላ በየሳምንቱ ተመዘነ። ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሲገባ የአያቱን ጢም እየጎተተ ይስቅ ጀመር።

አንድ እሑድ የኔታ ከቅዳሴ በኋላ ተነሡና፣ “ወገኖቼ፣ እኔ ከሚዛን ሳሸሸው ይህ ልጅ በእቅፌ እያለቀ ነበር” አሉ። “ልጁን በየወሩ የሚያስመዝን ጉድለቱን ሳይብስ ያውቃል፤ ምግቡን በጊዜ ያስተካክላል፤ ሐኪምም ዘንድ በጊዜ ይደርሳል። እኔ ይህን ያወቅሁት ሁለት ቀብሬ ነው። እናንተ ሳትቀብሩ እወቁት።”

በማግሥቱ ዘጠኝ እናቶች ከአቻምየለሽ ጤና ኬላ ደጅ ተሰለፉ። የኔታም ከመካከላቸው ቆመው፣ “ቀስ በሉ፤ እግሩን ደግፉለት” እያሉ ሕፃናቱን አንድ በአንድ ያቀብሉ ነበር።