ለፓስዎርድ የተላኩ ሽማግሌዎች

በላስ ቬጋስ ከተማ በክርክር የሚረታኝ ሐበሻ ገና አልተወለደም። ትምህርቴ እንኳ ይህን ያህል አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ስመጣ ሰባተኛን አልጨረስኩም፣ እዚህ ደግሞ ዘጠነኛን ስለወደድኩት ሁለቴ ተማርኩት። ምላሴ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ሰው ሲሳሳት አይቼ ዝም አልልም፤ ሰው ሲቸገርም ከሁሉ ቀድሜ የማይ እኔ ናርዲ ነኝ። አንባቢም ይማርበት ዘንድ ይህን ጻፍኩ።

ነገሩ የተጀመረው ሐበሻ ሱቅ በር ላይ ነው። እናቴ በርበሬ አምጪ ብላ ልካኝ ስደርስ፣ ጋሽ መዝገቡ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በጥፍራቸው ይልጣሉ። ጋሽ መዝገቡ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ናቸው፤ የመረዳጃ ማኅበራችንም ሊቀ መንበር። ወረቀቱ «ሐኪም ቤት የሚያደርስዎና የሚያስተረጉምልዎ ሰው ካጡ ይደውሉልን» ይላል፤ ከሥሩ የማኅበሩ ስልክ ቁጥር አለ። ሙጫውን ፀሐይ አድርቆት አልላቀቅ ብሏቸዋል።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ምነው፣ ወረቀቱ ምን አደረገዎት?»

«እሱ ምን ያደርገኛል ልጄ። እሑድ ተሰብስበን ማኅበሩን ልንዘጋው ነው።»

«ለምን?»

«የሚደውል የለማ! ካቻምና ሰው ስናመላልስ እንቅልፍ አልነበረንም። ይኸው ዓመት አለፈ፣ አንድ ሰው አልጠራንም። ሁሉም የራሱ መኪና፣ የራሱ ሺፍት አለው። ባለፈው ስብሰባ ለባዶ ወንበር ንግግር አድርጌ ገባሁ። ካልፈለገህ ሰው ፊት ምን ትገተራለህ?»

ድምፃቸው እንደ ወረቀቱ የተላጠ መሰለኝ። እኔ ግን ሰው አዘነ ብዬ ዝም የምል አይደለሁም። ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ክበብ አንድ ነገር አስተምረውን ነበር፤ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በስልክና በኮምፒውተር ለመሥራት ምን ያህል እንደተሰናዳ የሚታወቅባቸው ጥያቄዎች አሉ። «የዲጂታል ዝግጁነት ግምገማ» ይሉታል። ስሙ ነው እንጂ የሚከብደው፣ ነገሩ ቀላል ነው።

«ጋሼ፣ ከመዝጋትዎ በፊት ማኅበሩን ልገምግመው።»

«ስኳሬን ሐኪም ይለካል፣ ግፊቴን ሐኪም ይለካል፤ አንቺ ነበርሽ የቀረሽኝ። በይ ለኪ።»

«ማኅበሩ ኮምፒውተር አለው?»

«እንዴታ። አቧራ እንዳይነካው ከነካርቶኑ ነው ያስቀመጥነው።»

«የተለጠፈው ቁጥር ላይ ሲደወል የሚጮኸው በማን ስልክ ነው?»

«በማንም አይጮህም። የኢንተርኔት ቁጥር ነው። ሰው መልእክት ይተዋል፣ ኮምፒውተር ይቀበላል።»

«ከኮምፒውተሩስ ማን ይሰማዋል?»

«ከማኅበሩ ልጆች ዮኒ ነበር፣ በራሱ ላፕቶፕ።»

«ነበር?»

«ሄደ።»

«የት? ሲያትል?»

«ሎን ማውንቴን።»

«ሎን ማውንቴን እዚሁ ቬጋስ አይደለም እንዴ!»

«ተጣልተናል» አሉ፣ ወረቀቱን እየላጡ።

«ታዲያ ሰው እንዳልደወለ በምን ዐወቁ?»

«የነገረኝ የለማ!» አሉና ጣታቸው መስታወቱ ላይ ቆመ። የራሳቸው መልስ የራሳቸውን ጆሮ የነካው ያን ጊዜ ነው።

ጠቡን ጠየቅኳቸው። ዮኒ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ፓስዎርዱን ከእኔ ሌላ ሰው ይወቀው፤ ጋሼ፣ እርስዎም ይልመዱት» ይላል። እሳቸው ደግሞ በሰው ፊት «ቁልፍ መነካካት ሥራ አይደለም፤ ሥራ ማለት መሪ ጨብጦ አሮጊት ማድረስ ነው» ይሉታል። ዮኒ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

«ታናሽ ነውና እሱ ይምጣ ብዬ ጠበቅሁ» አሉ ጋሽ መዝገቡ። «ብደውልም አያነሳልኝም።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ይላኩበት።»

«ለፓስዎርድ? አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመዳር ነው፣ ደም ለማድረቅ ነው! ስንት ዘመን የኖረ ሽበት ይዤ ‹ፓስዎርድ ስጠኝ› ብዬ ደጁ ልቁም?»

«የማኅበሩን በር ቆልፎ ቁልፉን ይዞ የሄደ ሰው ቢኖር አይልኩም?»

«እሱማ እልካለሁ።»

«ይኸው ነው። እንዲያውም በር ይሻላል፤ የመጣው ሰው መቆለፉን አይቶ ይመለሳል። ይሄኛው ሲቆለፍ ግን የደወለው ሰው ‹መልእክቴ ደርሷል፣ ይመጣሉ› ብሎ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

ጋሽ መዝገቡ ግማሹ የተላጠውን ወረቀት በመዳፋቸው መልሰው መስታወቱ ላይ ለጠፉት። ሙጫ ስላልነበረው ወደቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሎን ማውንቴን ሄድን፤ ጋሽ መዝገቡ፣ ጓደኛቸው ጋሽ የሺዋስና እኔ። ሦስተኛው ሽማግሌ ኦቨርታይም ስለገቡ የሞላሁት እኔ ነኝ። ዮኒ ከካዚኖ ሥራው እንደገባ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ በር ከፈተ። ሽማግሌ በጠዋት ደጁ ላይ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ የሺዋስ። «ፓስዎርድ ፈልገን ነው።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ መዝገቡ ኮፍያቸውን አወለቁ። «በሰው ፊት ያልኩህን በሰው ፊት አነሣለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ልጄ።»

ዮኒ ትከሻቸውን ሳማቸው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ስወጣ ቁጥሩን የቀየራችሁት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።»

«እኛ ደግሞ የሚደውል የጠፋ መስሎን ነበር።»

ላፕቶፑን ከፈተ። መልእክቱ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ የመልእክት ሳጥኑ ሞልቶ መቀበል ካቆመ ቆይቷል። አንድ ሰውዬ ምጥ ለያዛት ሚስቱ አስተርጓሚ ይለምናል። ሌላዋ ታለቅሳለች እንጂ የምትለው አይሰማም። ከዚያ አንድ ድምፅ ይመላለስ ጀመር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ብርቅታይት ነኝ፣ ከዊትኒ። ለዓይኔ ሄንደርሰን ከተማ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፣ አውቶቡሱን ብቻዬን አልችለውም። እግዜር ያክብርልኝ።»

«ብርቅታይት ነኝ። ቀጠሮው አለፈ፣ ሌላ ሰጡኝ። ሥራ በዝቶባችሁ ይሆናል፣ አይዟችሁ።»

«ልጆቼ፣ ዛሬ ቁጥሩን በዳበሳ ነው የደወልኩት። አስቀይሜያችሁ እንደሆነ ይቅር በሉኝ።»

ከዚህ በኋላ ሳጥኑ ሞልቷል።

ጋሽ መዝገቡ ግድግዳ ተደገፉ። «ዓመት ሙሉ እየጠሩን ነበር» አሉ። «እኛ ደግሞ ‹አልተፈለግንም› ብለን ኩርፊያ ላይ ነበርን።»

ዮኒ አድራሻቸውን ከማኅበሩ ዝርዝር ፈልጎ አገኘና ያኔውኑ ወደ ዊትኒ ሰፈር ተነሣን። መኪናው ወደ እኛ ግቢ ሲታጠፍ ማስቲካዬን ዋጥኩት። የምንፈልገው በር ከእኛ የሚቀጥለው ነበር። በአንገቴ ሰላም የምላቸው ሴትዮ ስማቸው ብርቅታይት መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እትዬ ብርቅታይት የበሩን ጠርዝ እየዳሰሱ ከፈቱልን። አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል። በሁለተኛው ጥላ ጥላ ይታያቸዋል፤ ሳያቋርጡ ቢታከሙ ይተርፍ ይሆናል ብለዋቸዋል፣ የሚያደርሳቸው ግን አልነበረም።

«ከማኅበሩ ነን እትዬ» አሉ ጋሽ መዝገቡ።

«ማኅበሩ? ዘግታችሁ የለም እንዴ?»

ጋሽ መዝገቡ ወለሉ ላይ ተንበርክከው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ የተናገሩትን ክፉ ቃል፣ ኩርፊያውን፣ የጠፋውን ፓስዎርድ አንድም አልሸሸጉም። ከዚያ ዮኒን ቀና ብለው አዩት። «ማኅበሩ አይዘጋም። ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሩ በእኔም፣ በአንተም፣ በየሺዋስም ስልክ ይጩህ። ፓስዎርዱን ከአንድ ሰው በላይ ይያዘው፤ ሁለት ሰው በተጣላ ቁጥር ማኅበሩ ድዳ አይሁን። ያ ኮምፒውተርም ከካርቶኑ ይውጣ፣ እኔም እማራለሁ። መሰናዳት ማለት ዕቃ መግዛት ይመስለኝ ነበር። የጠራን ሰው ሰሚ እንዲያገኝ ማድረግ ነው ለካ። ዘግይቶ ገባኝ።»

እውነት ነው፣ የተከራከርኩለት ሁሉ ሆነ። ሰኞ ሄንደርሰን ማን እንደሚያደርሳቸውም እዚያው ተነጋገርን። ግን አንድም ሰው ደስ አላለውም፤ የጠፋውን ዓይን የሚመልስ ፓስዎርድ የለምና። እኔ ግን እንደ ልማዴ ገባሁበት።

«እትዬ፣ አይዞዎት። ይህን ሁሉ የደረስኩበት እኔ ነኝ። እኔ ባልገመግም እኮ እስካሁንም የሚሰማዎት ሰው አልነበረም።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። በበሬ ላይ በስልክ እየሳቅሽ የምታልፊው የጎረቤቴ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ስንት ቀን ‹ልጄ› እያልኩ ጠራሁሽ። ጆሮሽ ውስጥ ያን ነገር ወትፈሽ ትሄጃለሽ። ማኅበሩስ ቁልፉ ጠፍቶበት ነው። አንቺን ማን ቆለፈሽ?»