መስኮት የሌለው ቤታችን

«እዚህ ቤት መስኮት የለም፤ ጨለማውን ትለምጂዋለሽ» አሉኝ አማቴ፣ ከትምህርቴ ተነስቼ የተዳርኩ ዕለት። ልጅ ከወለድኩም በኋላ ከእሳቸው ፊት ቃል አይወጣኝም ነበር። ታዲያ አንድ ቀን እዚሁ ሰቆጣ የሚያስተምረው መምህር፣ ያ በዓይን የማይታዩ ደብዛዛ ከዋክብትን በቴሌስኮፑ ፎቶ የሚያነሳው፣ እኛ ቤት መጣ። ሌሊት ያነሳውን ፊልም ቀን የሚያጥብበት ጨለማ አጥቶ ነው። ከባለቤቴ ጋር ገብተው ዘጉ። «ትንሽ ብርሃን ከገባ የስንት ሌሊት ልፋቴ ከንቱ ነው» ብሎኛልና፣ ነጠላዬን በበሩ ስንጥቅ ወትፌ፣ ልጄን አዝዬ ደጁን ያዝኩ። ወዲያው አማቴ ከች አሉ።

«ነጠላሽስ?»

«በሩ ስንጥቅ ውስጥ ነው፣ እማማ።»

«ምነው፣ ቤቱን በረደው?» ብለው እጃቸውን ወደ በሩ ሰደዱ።

በሩ ላይ ተለጠፍኩና «አሁን አይገቡም» አልኳቸው። በድምፄ እኔው ደነገጥኩ፤ ንቅንቅ ግን አላልኩም።

«ከልጄ ቤት? አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ። ፊልሙ ታጥቦ እስኪያልቅ እዚህ አረፍ ይበሉ።»

እያጉረመረሙ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። መምህሩ ወጥቶ እርጥቡን ፊልም ወደ ፀሐይ ሲያነሳው፣ መሃሉ ላይ ጭስ የመሰለች ነገር አለች። «የከዋክብት መንጋ ነው፤ ከርቀቱ የተነሳ እንዲህ ሆኖ ነው የሚታየው» አለን።

«ደጅ ያስቀመጠችኝ ይቺ ጭስ ናት?» አሉ አማቴ። ወደ ፊልሙ ጠጋ ብለው ደግሞ «እኛ ቤት ባይሆን ትወጣ ነበር?»

«አትወጣም፣ እማማ። ከተማውን ዞሬ እንዲህ ያለ ጨለማ አላገኘሁም» አለ መምህሩ።

«የልጄ ቤት እኮ ነው!» አሉ፣ ኮራ ብለው።

ሁለቱም ሲሄዱ ጭቃ አቦካሁና ስንጥቁን ደፈንኩት። መምህሩ ሌላም ፊልም አለው፤ ነጠላዬን ግን እፈልገዋለሁ።