በግሊሰሪኑ ውስጥ ያለው እንግዳ

የሽሮፕ ፋብሪካው የጥራት ኃላፊ ጋሽ ጠብታ ደረጃው ላይ ከእህታቸው ልጅ፣ ከፋብሪካው ወጣት ኬሚስት ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፉ። ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት መድኃኒት የለኩት ከብርጭቆ ቱቦ የሚወርድ ጠብታ እየቆጠሩ ነው። አሁን የያዙት ወረቀት ከተፈረመ አዲሱ የግሊሰሪን በርሜል ወደ ሕፃናት ሽሮፕ ይገባል።

«ጋሼ፣ እንዳይፈርሙ!» አለች ልጅቷ እያለከለከች። «ከመቶው ስድስት እጁ መርዛማ አልኮል ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«በአዲሱ መሣሪያ፣ በኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ።»

«ኒውክሌር! ፋብሪካውን ልታፈነጂብኝ ነው?»

«ማግኔት ነው አልኩዎት እኮ!» ይህን ስትነግራቸው አራተኛ ጊዜዋ ነበር።

«እኔ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስቱም አንድ ነው።»

«ሦስቴም የጠየቁት ያንኑ ጥያቄ ነዋ! የእርስዎ ልኬት ድምሩን ብቻ ይናገራል፤ አጭበርባሪ ደግሞ ድምር ማስተካከል ያውቅበታል። ማግኔቱ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ነገር በየቦታው ምልክት ይሰጣል። መዝነን ከጨመርነው ማመሳከሪያ ምልክት ጋር ስናነጻጽረው የየአንዳንዱ መጠን ይታወቃል።»

«እንግዲያው እኔ የምቀላቅለውን ለኪ።»

ላቦራቶሪ ገብተው ግሊሰሪንና ውሃ በሚያውቁት መጠን ቀላቅለው ሰጧት። ከታች የማምረቻው ኃላፊ «ወረቀቱስ?» እያለ ይጮኻል። ቸኮለች።

«ግሊሰሪኑ ከመቶው ሰባ ዘጠኝ።»

«ሰባ ነው ያስገባሁት!» አሉና እስክሪብቶአቸውን አወጡ።

ራሷን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት አማራት። ስክሪኑን አየች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። መሣሪያው ደጋግሞ ሲለካ በየመሃሉ ማመሳከሪያው እስኪረጋጋ አልጠበቅሁም፤ የእሱ ምልክት ሲያንስ ግሊሰሪኑ የበዛ መሰለ።»

«የበርሜሉንስ እንዲሁ ጥድፍድፍ አድርገሽ ነው?»

«እሱን ጠዋት በወጉ ጠብቄ ነው።»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ያናደዳትም ተገቢነቱ ነው። እንደገና ለካች። ሰዓታቸውን እያዩ፣ እያጉረመረሙ ቆሙ። ሰባ ነጥብ ሁለት ወጣ። ወረዱና ከበርሜሉ በገዛ እጃቸው ቀድተው መጡ። ያ እንግዳ የመርዝ ምልክት እዚያው ቦታው ላይ ብቅ አለ፤ ከመቶው ስድስት።

ጋሽ ጠብታ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ልፈርም ነበር እኮ» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውም ግሊሰሪን፣ መለያየት ሳያስፈልግ፣ በመሣሪያው በግማሽ ሰዓት ተለክቶ ምን በምን ያህል እንደተቀላቀለ ካልታወቀ ወደ ማምረቻው አይገባም። የዚያን ዕለት ግን የማምረቻው ኃላፊ ደረጃውን ወጥቶ ሥራ ፈታን፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምን ትጠብቃላችሁ ብሎ ጮኸባቸው።

«ሽሮፑን በማንኪያ የምትሰጥ እናት መለኪያ የላትም» አሉት ሳይነሡ። «ለእሷ ነው የምንጠብቅላት። ውረድና በርሜሉን አሽግ!»