ባለሱቁንና እኛን ያነጋገረ ሰው

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፤ የሟች ቤተሰቦች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

መንገድ ላይ ስትጠይቁኝ ስለነበራችሁ ይህን ላስቀድም። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቴ ቀዶ ጥገናዋ በደህና አልቋል። ትልቋ ልጇ ፈቃድ ወስዳ እያስታመመቻት ነው፤ ትንሹም ፈተናውን አልፏል። መምጣት ብትፈልግም ሐኪሙ አልለቀቃትም። "መቼም አንቺ አፍሽ አያርፍ፣ ስለ እሱ አውሪላቸው" ብላ ላከችኝ። ይኸው መጣሁ።

የሟቹ ወንድማችን ሥራ ሰው ማወያየት ነበር። ሰው ማወያየት ደግሞ ሥራ ነው ወይ? እኔም እንዲሁ ብዬ ስቄ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ለመንገድ ዳር ንግድ ደንብ ሊያወጣ ሲነሣ እኛን ዳር ላይ የምንቸረችረውን ማን ጠየቀን? ባለሱቆቹ ይነሡልን ይላሉ። ሾፌሮቹ መንገዱ ጠበበን ይላሉ። እኛ ብንነሣ ልጆቻችን ምን ይበላሉ? ያን ጊዜ ነው እሱ የመጣው። ባዶ የቲማቲም ሣጥን ገልብጦ አጠገቤ ቁጭ አለና እስከ ምሳ ገበያዬን ሲያይ ቆየ። ገዢ መስሎኝ ዋጋ ነገርኩት። ገዛም። ከዚያ ቀስ ብሎ ለስብሰባ ጠራኝ። ሰው ሊጠራ መጥቶ ቲማቲም ተሸክሞ የሚሄድ ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አዳራሹ ትዝ ይላችኋል? ግማሾቻችሁ ነበራችሁ። መድረኩን ባዶ አድርጎ የማዘጋጃ ቤቷን ኃላፊ ከእኛ መሃል አስቀመጣት። ሕጉ አንድ ነበር። ማንም የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ይናገራል፤ ባላጋራው "አዎ፣ ይሄንኑ ነው ያልኩት" እስኪል አይለቀቅም። ለእኔ የባለሱቁን መናገር ደረሰኝ። ኪራዩን አነሣሁ፣ ግብሩን አነሣሁ፣ ደጃፉ ታፍኖ የሚመለስበትን ደንበኛ አነሣሁ። እኔ ወሬ ከጀመርኩ መቼ አቆማለሁ? ሽንኩርት ሻጯ ጎኔን ጎሸም አድርጋ፣ "ወደነሱ ዞርሽ እንዴ?" አለችኝ። ባለሱቁ ደግሞ፣ "እኔ እንኳ እንዲህ አላሳመርኩትም፤ ጠበቃዬ ሁኚ" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ባለሱቁ የእኔን ሊናገር ተነሣ። ጀመረ። አይደለም አልኩት። እንደገና ጀመረ። አሁንም አይደለም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ "ብትነሣ የምትሄድበት የላትም" አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

"አዎ" አልኩ። "እሱን ነው ያልኩት።"

ደንቡ ወጣ። የሱቆቹ ደጃፍ ነጻ ይሁን፣ ማዶ ያለው ዳር ለእኛ። ማንም የፈለገውን ሁሉ አላገኘም፤ ባዶ እጁን የወጣም የለም። ልጆቼን ያሳደግኩት እዚያው ዳር ላይ ነው። ሳመሰግነው፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ የተነጋገራችሁት እናንተ ይለኝ ነበር። ወንድሜ፣ ዛሬ አትከራከረኝም። አመሰግንሃለሁ።

ትናንት ቤቱ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ሾፌሮቹ መጡ፤ ሳያቋርጥ የሰማን እሱ ብቻ ነው አሉ። ኃላፊዋም መጣች። ደንቡ ሊከለስ ነው፣ እንግዲህ ማን ያወያየናል ብላ አለቀሰች። ባለቤቱ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፣ እሱን እንቅልፍ የሚነሣው ለውይይት ያልተጠራው ሰው ነበር፣ እናንተም ከዚያ ጀምሩ አለቻት።  ጥግ የተቀመጠው ያ ባለሱቅ ነው የመለሰው።

"የገበያውን ዕቃ ተሸካሚዎች አልጠራናቸውም" አለ። "የሚያርፉበት ቦታ የላቸውም። እኔ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።"

ሰማህ ወይ ወንድሜ? ይህን ያለው ባለሱቁ ነው። በል፣ ደህና ሁን።