ጋሽ እሺ እና ከላይ የቀረው ገጽ

ጋሽ እሺ ፎቶ ኮፒ ቤት የገቡት ጥቂት ገጽ በትልልቅ ፊደል ሊያሳትሙ ነበር። ከማሽኑ አጠገብ የእህታቸው ልጅ ባዶ የሕክምና ካርድ ስታባዛ ሲያዩ ግን የመጡበትን ረሱት።

"አንቺ ልጅ፣ ክሊኒካችሁ ሥራውን በኮምፒውተር አድርጎ የለም እንዴ? ይሄ ሁሉ ወረቀት ለምንድን ነው?"

"ወደ ወረቀት ልንመለስ ነዋ፣ ጋሼ" አለች፤ ቀና ብላም አላየቻቸው።

የሰውየው ስም ሌላ ነው፤ "ጋሽ እሺ" የተባሉት የጠየቋቸውን ሁሉ እሺ ስለሚሉ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ክሊኒኮች የታካሚ ካርድ የሚይዙበትን የአንድ ኮምፒውተር ፕሮግራም መመሪያ በኃላፊነት ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙን ማንም በነፃ ይጠቀምበታል፣ የቻለ ሁሉ ያሻሽለዋል፤ መመሪያውንም የሚጽፉት በየቦታው ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የተላከውን ተቀብለው ኢንተርኔት ላይ የሚያወጡት እሳቸው ሲሆኑ፣ አንድም ጽሑፍ መልሰው አያውቁም። ይህ ቸርነት ይመስላቸው ነበር፤ እውነቱን እንናገር ካልን ግን ግማሹ ይሉኝታ ነው።

"ምን ገጠማችሁ?"

"የሕፃናቱ የክትባት ቀጠሮ በሙሉ ጠፋ። ካርድ ክፍል አዲስ የገባችው ሴትዮ ፕሮግራሙን ከማደሷ በፊት የመረጃውን ቅጂ ልታስቀምጥ ብላ መመሪያውን ከፈተች። ከላይ ያገኘችውን ገጽ ቃል በቃል ተከተለች። ገጹ ደግሞ ለድሮው ፕሮግራም የተጻፈ ነው፤ በአሁኑ ላይ ሲሞክሩት ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። እኛ እናቶቹን እየፈለግን በየስልኩ እንደውላለን፤ እሷ በጥፋተኝነት ልትሰናበት ነው። ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፣ ጋሼ።"

"ትክክለኛውም እኮ አለ!" አሉ ጋሽ እሺ ደንግጠው። "ትንሽ ወረድ ብትል ኖሮ . . ."

"አውቃለሁ። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገጹ ስህተት አለበት ብዬ እርማት ላክሁ። እርስዎም እሺ አሉ፣ አመሰገኑኝ፣ መረቁኝም፤ ከዚያ ከሌሎቹ ሁሉ ሥር ጨመሩት። ስህተቱ ከላይ ተደላድሎ፣ እርማቱ እታች! በሽተኛ ተሰልፎ የሚጠብቃት ሴት እስከ ታች ትወርዳለች?"

ጋሽ እሺ ባለ ሱቁ ባቀረበላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ደግ ሰው ሲሳሳት ማንም አይቆጣውምና፣ እንዲህ ፊት ለፊት የነገራቸው ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

"ስሚኝ ልጄ። እነዚህ ሰዎች ከእንቅልፋቸው ቀንሰው ነው የሚጽፉት፤ የሚከፍላቸው የለም። ሰው የደከመበትን ብመልስበት ነገ ማን ይመጣልኛል? እኔ ሰው ማስቀየም አይሆንልኝም።"

"አንድ ጸሐፊ እንዳይቀየም ብለው ስንቱን አንባቢ አስቀየሙ? ጸሐፊው ስም አለው፣ ደብዳቤ ይጽፍልዎታል፣ ያዝኑለታል። አንባቢዋን ግን አያዩዋትም። ተሳስታ ስታለቅስም እርስዎ ዘንድ አትመጣም።"

ነገሩ ከነከናቸው። ሆኖም ሌላ ምክንያት ነበራቸው፤ ሲናገሩት ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"የላይኛው ገጽ እኮ የባለ ምንጣፉ ነው።"

ባለ ምንጣፉ መመሪያውን አብሯቸው የጀመረ፣ በሕይወት የሌለ የልብ ጓደኛቸው ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ሰው ቤት ሲገባ የተጣመመ ምንጣፍ ካየ ሳያስተካክል ስለማይቀመጥ ነበር።

"ሳነበው የሚያናግረኝ ይመስለኛል። እሱን ሰርዝ አትበዪኝ" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ልጅቷ ማሽኑን አቁማ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። "የድሮው ጽሑፍ ማህደር ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስሙንም ከጸሐፊዎቹ ሁሉ ፊት እናደርገዋለን። ግን እስቲ ይንገሩኝ፤ በእሱ ገጽ የተነሳ አንዲት እናት ከሥራዋ ልትወጣ ነው ብንለው ኖሮ፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር?"

ጋሽ እሺ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣቸው። "እሱ? ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነበር የሚያስተካክለው!"

ዓይናቸውን ጠረጉና "ታዲያ እንዴት እናድርገው?" አሉ።

"ለአንድ ጉዳይ አንድ ገጽ ይኑር፤ ገጹም የሚጠብቀው ሰው ይኑረው። ለየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ አናቱ ላይ ይነገር። ከመውጣቱ በፊትም ሥራውን የማያውቅ ሰው ይሞክረው። የማይሆን ጽሑፍ ከመጣ ከነምክንያቱና ከነምስጋናው ይመለስ።"

"ካኮረፈስ?"

"ያኩርፍ፣ ጋሼ! በትህትና የነገሩት ሰው ይመለሳል።"

የሚያሳትሙትን ትተው አብረዋት ክሊኒክ ሄዱ። ለኃላፊው "ሴትዮዋ የታዘዘችውን ነው የሠራችው፤ ያሳሳታት እኔ የምጠብቀው መመሪያ ነው" አሉ። ኃላፊው ስንብቱን አቆየ፤ አዲሱ ገጽ ሲሠራ በዓይኔ ካላየሁ ግን ኮምፒውተሩን አላምነውም አለ።

ጋሽ እሺ ገጹን እንደገና ጻፉት፤ የፕሮግራሙን ታሪክ የሚተርክ ያማረ መግቢያም ጨመሩበት። ሊሞክሩት ሲሉ ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ነክታው አታውቅም።

"ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ መግቢያው ደስ ይላል፤ ግን ሥራው የቱ ጋ እንደሚጀምር ጠፋኝ።"

የሚኮሩበት አንቀጽ ነበር። ሆኖም "ሰርዢው" አሉ።

ሰረዘችው። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብላ እያነበበች ሠራች፤ ቅጂውን ስትከፍተው እናቶቹ በስልክ ተጠይቀው እንደገና የተመዘገበው የሕፃናቱ ስም ተራ በተራ ወጣ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ኃላፊው እያየ ነበር፤ ስንብቱንም ተወው።

ዛሬ መመሪያው ከድሮው አጭር ነው፤ የሚጽፉለት ግን በዝተዋል፣ ጽሑፋቸው እንደሚነበብ አውቀዋልና። አኩርፈው ከሄዱት አብዛኞቹ የተሻለ ጽፈው ተመልሰዋል። በየክሊኒኩ ያሉ አዳዲስ ሠራተኞችም ሰው ሳያስቸግሩ ሥራቸውን ይሠራሉ። የዚያ ገጽ ጠባቂ ሴትዮዋ ናት፤ የጋሽ እሺን ጽሑፍ ሳይቀር ከነምስጋናው ትመልሳለች። ያን ቀን የተባዛው ባዶ ካርድም አልተጣለም፤ ልጆቿ ጀርባው ላይ ሥዕል ይሥሉበታል።