ከጭድ ክምር የወጡት ኮምፒውተሮች

አቶ ኑርሁሴን ከደሴ ወደ ውጫሌ ሲመለሱ፣ አውቶቡሱ ሐይቅ ላይ ቆሞ ሰው ጫነ። ከገቡት መካከል የጎረቤታቸው የአቶ አስረስ ልጅ የሺሀረግ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ናት። እጅ ነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ ቤተሰብ ተጠያየቁ፤ የሽማግሌው ፊት ግን አልፈታ አለ።

«ምነው ከፋዎት ጋሼ?»

አልሸሸጓትም። ውጫሌ ላይ ያላቸው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ፣ ጦርነቱ ከትምህርት ገበታ ላስነሣቸው ልጆች የቀረ ብቸኛ በር ነበር። ጦሩ ሲቃረብ ኮምፒውተሮቹን በጆንያ ጠቅልለው ጭድ ክምር ውስጥ ስለ ቀበሯቸው ከዘረፋ ተረፉ። ወጥተው ሲከፈቱ ግን ገሚሱን ቫይረስ በልቶታል፣ ገሚሱ ያዘግማል። ዊንዶውስ እየገለበጠ ይጭንላቸው የነበረው የደሴ ልጅም ተሰዶ አልተመለሰም። ስለዚህ ቤቱን ለእህል ነጋዴ ሊያከራዩ ቃል ሰጥተዋል፤ ቁልፉን ነገ ይረከባል።

የሺሀረግ ሊኑክስ የሚባል ኮምፒውተር የሚያሠራ ሌላ ሥርዓት እንዳለ፣ ለአሮጌ ማሽን የሚቀል ዓይነቱንም በፍላሽ መያዟን ነገረቻቸው።

«ነጻ ነው ልትዪኝ ነው?» አሉ ኑርሁሴን። «ዊንዶውሱንስ መቼ ገዝቼው አውቃለሁ? ልጁን ምሳ ማብላት ነበር።»

«የጎዳን እሱ ነው ጋሼ። የሰው ዕቃ በስርቆሽ መውሰድ ስለ ለመድን፣ በግልጽ ውሰዱ የተባልነው የረባ አልመስለን አለ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ኮምፒውተሩ ሲገዛ ዊንዶውስ ይዞ ይመጣል። ባንኩ በእሱ ነው፣ ፍርድ ቤቱም በእሱ። በሊኑክስ አሠልጥኜ ልጁን ወዴት ልስደደው? ቀጣሪው አላውቅህም ቢለው የሚረግመው እኔን ነው።»

ከባዱ ነገር ይህ ነው። ሰው አንዱን ሥርዓት የሚይዘው ስለ በለጠ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ ስለ ያዘው ነው። ጎረቤቱም የያዘው እሱን አይቶ ነው። አዲሱ ቢሻልም በዚህ መካከል መግቢያ ያጣል።

«ልክ ነዎት፤ ልዋሽዎ አልፈልግም» አለች የሺሀረግ። «የእርስዎ ፕሪንተርም አልታዘዝ ሊለው ይችላል። ከማሽኖቹ አንዱ በዊንዶውስ ይቆይ፤ ልጆቹ ሁለቱንም ይልመዱ። ደብዳቤ መጻፍ የለመደ እጅ በየትም ይጽፋል።»

ሐሰት እንዳልጨመረችበት ሲያዩ ኑርሁሴን ወደ እርሷ ዞሩ። እርሳቸው የቅሬ ዳኛ ናቸው፤ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ሙታኑን የሚቀብርበትን ማኅበር ይመራሉ። የሺሀረግ ይህን ታውቃለች።

«የቅሬው ድንኳን በጦርነቱ ሲቀደድ ማንን ጠበቃችሁ?»

«ማንን እንጠብቃለን? መርፌ ያለው ሁሉ ወጥቶ ሰፋው። ጎረቤታችን ባድሩ ዳር ዳሩን፣ አባትሽ መሐሉን።»

«ያልሰፋውስ ሐዘን ሲደርስበት ተከለከለ?»

«ድንኳን ይከለከላል እንዴ?»

«ሊኑክስም እንዲሁ ነው። አሠራሩ ለሁሉ ተገልጧል፤ የቻለ ይጠግናል፣ ያልቻለ ይጠቀማል። ዊንዶውሱ ግን ውስጡ ለባለቤቱ እንጂ ለእኛ አይገለጥም። የደሴ መንገድ ቢዘጋ እኔ አለሁ፤ እኔ ባልኖር ያስተማርኳቸው አሉ።»

«ተሰፍቶም ውሃ ቢያስገባስ?»

«ያስገባል ጋሼ። እንደገና ይሰፋል።»

ኑርሁሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አስረስ ልጁን በከንቱ አላስተማረም» አሉ።

በማግስቱ እህል ነጋዴው ሲመጣ ይቅርታ ጠይቀው ሸኙት። የሺሀረግ ሥራ ጀመረች። ፕሪንተሩ እንደ ፈራችው እምቢ አለ፤ የሚታተመው ሁሉ በዊንዶውሱ ማሽን በኩል ሆነ። የቀሩት ግን ያለ ማዝገም ይሠሩ ጀመር፤ ሲበላሹም ልጆቹ ራሳቸው ፈተው ማቃናት ለመዱ። አሮጌ ኮምፒውተራቸውን ጥለው የነበሩ የሰፈሩ ሰዎችም እያመጡ ሊኑክስ ማስጫን ያዙ። አንድ ቤት ብቻውን የያዘው ሥርዓት እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ሰፈሩ ሲይዘው ግን ረዳቱ ይበዛል። ይህን ከማንም ቀድመው የተረዱት ያ ሁሉ ጥርጣሬ የነበራቸው ኑርሁሴን ናቸው።

ቅሬው በተሰበሰበ ቀን ዳኛው ተነሡ።

«ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይምጣና ሊኑክሱን ይገልብጥ። ያወቀ ላላወቀ ያሳይ። እምቢ ያለ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል።»

ሰው ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም።