ሰባቱ ቋጠሮ

ክቡራትና ክቡራን፣ የእርሻችን ጓዶች፣ አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ።

ለስንብቴ ዳሱን የጣላችሁ፣ ለእስላሙ አንድ ለክርስቲያኑ አንድ በግ ያረዳችሁ፣ ይህን ጋቢ ያለበሳችሁኝ፣ አላህ ያክብራችሁ። ጋቢው ደግ ነው። ሳልሸመግል ብትሰጡኝ ደግሞ ይበልጥ ያምርብኝ ነበር።

ከሪማ፣ ቃለ ጉባኤውን የምትይዢው አንቺ ነሽና፣ የምለውን እንዳለ ጻፊው። እንዳታሳምሪው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ገብቼ ነበር፤ “ሀ”ን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ግን ከገራዶ እስከ ኮምቦልቻ እንደኔ አድርጎ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ካለ ይነሳና ይናገር። የለም። ይህንንም ጻፊ።

ጥፋቴንም ጻፊ።

ገበያተኛ ምን ይወዳል? ትል ያልነካው ጎመን። ደሴ ላይ ሴቶቹ ቅጠሉን ገልበጥ ያደርጉና አንዲት ቀዳዳ ካዩ ጥለውት ይሄዳሉ። እኔስ ምን አደረግሁ? በገበያው ዋዜማ ማሳውን ሁሉ በመድኃኒት አጥብ ነበር። የመድኃኒቱ ቆርቆሮ ላይ የራስ ቅልና አጥንት ተስሏል። አይቼዋለሁ፣ ዕውር አይደለሁም። ለትሉ መስሎኝ ነው። ወላሂ፣ ሥዕሉን ወድጄው ነበር።

አንድ ጠዋት ሸሪፋ፣ ያቺ ከፊት የተቀመጠችው፣ ለቀማ ላይ ርቧት አንድ ቲማቲም ቀጠፈችና በቀሚሷ ወልውላ በላች። እኔ ማታ የረጨሁትን ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ አስመለሳት፣ ዐይኗ ውሃ አፈሰሰ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። በቃሬዛ ተሸክመን ደሴ ሐኪም ቤት አደረስናት። ሦስት ቀን ከደጁ አልተነሳሁም። በአራተኛው ዐይኗን ገለጠችና ምን አለችኝ?

“ጋሽ እንድሪስ፣ ትሉ እኔ ነኝ እንዴ?”

አሁን ሳቁ። ያን ቀን ግን እንደ ልጅ አልቅሻለሁ።

ቀለሙ፣ የግብርና ባለሙያችን፣ ቆርቆሮውን አገላብጦ አነበበው። ከተረጨ ሰባት ቀን ሳይሞላው አይለቀምም ይላል። ለምን አልነገርከኝም ስለው “ተጽፏል እኮ” አለኝ። ለማን ነው የተጻፈው? ለትሉ?

እኔም የራሴን ጽሕፈት አወጣሁ። በረጨሁ ቀን ቃጫ ገመድ ላይ ሰባት ቋጠሮ እቋጥርና በማሳው ራስ ካለው እንጨት አስረዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ እፈታለሁ። ቋጠሮ ያለበትን ማሳ ማንም አይነካም። አፌን በሻሽ ሸፍኜ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ መርጨት ጀመርኩ። ባዶውን ቆርቆሮም ውሃ እንዳይቀዳበት በመዶሻ ጨፈለቅሁት።

ሰው ምን አለ? እንድሪስ ጎመን ላይ ድግምት ጀመረ አለ። ሼሁ ሳይቀሩ አስጠርተው ጠየቁኝ። ድግምት ሰው እንዲታመም ነው የሚቋጠረው፣ የኔ እንዳይታመም ነው ብላቸው ስቀው መረቁኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ጓድ ሊቀመንበር። አትደበቅ።

አምና፣ የአብዮቱ በዓል ዋዜማ፣ በላቸው፣ ይኸው ሊቀመንበራችን፣ እየሮጠ መጣ። ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉና ቲማቲሙ ይለቀም አለ። አራት ቋጠሮ ይቀረዋል አልኩት።

“እንግዳ ቋጠሮ ይጠብቃል እንዴ? ጸረ አብዮት ይባላሉ፣ ያውቃሉ?”

አውቃለሁ። በዚያ ስም ምን እንደሚመጣ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ይለቀም ልል ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሸሪፋ ለቃሚዎቹ መሃል ቅርጫት ይዛ ቆማ ታየኛለች። ደህና የቀላውን አንድ ቲማቲም ቀጥፌ በመዳፌ ዘረጋሁለት።

“እንካ ልጄ፣ አንተ ቅመስ። አንተ ከበላህ አስለቅማለሁ።”

በላቸው ቲማቲሙን አየው። ቲማቲሙም አየው። ከዚያ ዞሮ ሄደ። እንግዶቹ ሽሮ በሉ፣ በሽሮ ብርታት መፈክር አሰሙ፣ ደህና ገቡ። አራቱ ቋጠሮ ሲፈታ አንድ ቅርጫት ቲማቲም ቤቱ ድረስ ይዤለት ሄድኩ። አጥቦ በላ። እኔንም አበላኝ። ይኸው ዛሬ ድግሱን ደግሶ ከጎኔ ተቀምጧል። ሰው ማለት እንዲህ ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። ትናንት ጎመኑን ረጭቻለሁ። ዛሬ ጠዋት አንዱን ፈታሁ፤ ስድስት ቀርቷል። ሸሪፋ፣ ከነገ ጀምሮ የምትፈቺው አንቺ ነሽ። አንዱንም አታስቀድሚ። ጓድ በላቸው ቢለምንሽ፣ አቅምሺው።

እጃችሁን ዘርጉ። አላህ ዝናቡን በጊዜው ያውርድላችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ እኔ ያላነበብኩትን ያንብቡ። እጃችሁ የሰው ጤና እንጂ የሰው ዕንባ አይንካው። አሚን በሉ።

እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ልጄ ቤት እገባለሁ። የዛሬ ሳምንት ገበያ ወርጄ ከእናንተ ጎመን እገዛለሁ። ትል ቀደድ ቢያደርገው እሰየው። መቼ ተረጨ ብዬ አልጠይቅም። አጥቤ እበላለሁ።